ኮርቲና ስትገዙ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

እኛ መኪና ልንገዛ ስንሄድ መጀመሪያ ኮፈን ነው የምናስከፍተው። ሞተር አስነስተን ጆሯችንን እንጥላለን። እንግሊዝ አገር ሆናችሁ የ1970ዎቹን ፎርድ ኮርቲና የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ልማድ ለጊዜው ተዉት። ቀድሞ የሚታየው ላሜራው ነው። ሞተር ይጠገናል፣ ይቀየራል። የበሰበሰ ላሜራ ግን ኪስ ያራቁታል።

የማወራው ከ1970 እስከ 1976 (እ.ኤ.አ.) ስለተመረተችው ማርክ 3፣ ማለትም ስለ ሦስተኛዋ የኮርቲና ትውልድ ነው። ወገቧ እንደ ኮካ ጠርሙስ ሰርጎድ ያለችው፣ ለንደን ዳር ባለው የዳገንሃም የፎርድ ፋብሪካ የተሠራችው። እኔ በጣም የምወዳት መኪና ናት፤ ለዚህም ነው ማንም ተሸውዶ እንዲገዛት የማልፈልገው።

ቀለሙ አብጧል። በፊት መብራቱ ዙሪያ፣ በፓራፋንጎው አናት ወይም በበሩ ታችኛው ጠርዝ ትናንሽ እብጠቶች ካሉ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ ነው። እዚያ አገር በብርድ ወቅት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጨውና ጭቃው ላሜራው እጥፋት ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይበላዋል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉ። ካልያዘ ከሥር ያለው ስቱኮ ነው። መፍትሔው ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ነው። ቀለም ብቻ መቀባት ለጥቂት ወራት መሸፈን ነው።

በሩ አልገጥም ይላል። በሩን ከፍታችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከተወዛወዘ ማጠፊያው ተበልቷል፤ ይህ ቀላል ሥራ ነው። ካልተወዛወዘ ከበሮቹ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን ተሸካሚ ላሜራ ጠርጥሩ።

አንድ ጊዜ ኤሴክስ ውስጥ አንዲት ቡኒ ኮርቲና ላይ ሄጄ ነበር። ከላይ ስትታይ ታበራለች። ምንጣፉን ገለጥ ሳደርግ እርጥብ ነው። ከዚያ ክሪክ አስገባን። መኪናዋ አልተነሳችም፤ የክሪኩ ጫፍ ነው ወደ ውስጥ የገባው። ቡናማ ፍርፋሪ እግራችን ሥር ተራገፈ። ሻጩ ራሱ ደነገጠ። እንዲህ ያለችውን፣ የምታምኑት ጎበዝ በያጅ ከሌላችሁ፣ ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ ተዉአት።

ከሞተሩ አናት ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህ በተለይ ባለ 2 ሊትሩን ይመለከታል። «ፒንቶ» የሚባለው ሞተር ነው፤ ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ከላይ ተቀምጦ በቀበቶ ይዞራል። ዘይት የሚረጭለት ባለ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አለ። ዘይት በወቅቱ ካልተቀየረ ቀዳዳዎቹ በዝቃጭ ይደፈናሉ፤ ካምሻፍቱ በደረቁ እየተፋጨ ይበላል። መጀመሪያ የቫልቮቹን ክፍተት አስተካክሉ። ድምፁ ካልጠፋ ክዳኑን ከፍታችሁ የካምሻፍቱን እንቁላል መሳይ ጉብታዎች እዩ። ጫፋቸው ተፍቆ ከተጎደጎደ ካምሻፍቱን፣ ገፊዎቹንና ቱቦውን አንድ ላይ ቀይሩ። ቱቦውን ትቶ ካምሻፍት ብቻ መቀየር አዲሱንም ማስበላት ነው።

ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ሲነሳ ብቻ ታይቶ ከጠፋ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ከባሰበት ግን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነውና ዋጋ አስቀንሱ።

ነዳጅ ስትረግጡና ስትለቁ ከኋላ ጓ ይላል፣ ጅራቷም ይዋልላል። የኋላ አክስሉን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ጎሚኒ አልቋል። በአዲስ ይቀየራል፤ መኪናዋም ሌላ መኪና ትሆናለች።

ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ብሪታንያ ከ2021 ጀምሮ በተራው ቤንዚን ውስጥ እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ትቀላቅላለች። ያረጀ የጎማ ቱቦ ይህን አይችልም፤ ይሰነጣጠቃል፣ ያንጠባጥባል። እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ለነገ አትበሉ። ኤታኖል የሚቋቋም ቱቦ አስገጥሙ፣ ኤታኖሉ አነስ ያለውን፣ ኢ5 የሚለውን ሱፐር ቤንዚን ቅዱ።

ምርመራ የላትም። መኪናዋ 40 ዓመት ስላለፋት፣ በጉልህ እስካልተለወጠች ድረስ፣ ኤምኦቲ የሚባለው የእነሱ የቦሎ ምርመራ አይነት ዓመታዊ ፍተሻ ግዴታዋ አይደለም። ስለዚህ ሻጩ «አያስፈልጋትም» ሲላችሁ እውነቱን ነው። እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት አስመርምሩልኝ በሉት። የቆዩት የምርመራ ውጤቶች ከ2005 ወዲህ ያሉት በሰሌዳ ቁጥሯ ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። ዝገት የሚል ማስታወሻ ከዓመት ዓመት ከተደጋገመ በኋላ ድንገት ጠፍቶ ካገኛችሁ፣ የብየዳውን ፎቶ ጠይቁት።