የፌዴሬሽን ምክር ቤትን የአንድ ቀን ስብሰባ ድሬ ቁጭ ብሎ እንዴት መከታተል ይቻላል?

መጀመሪያ የተከታተልኩ ቀን ግማሽ ቀኔ በከንቱ ነው የሄደው። ከዚራ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ቬንትሌተሩ ሥር ቦታ ይዤ፣ "አሁን አዋጅ ያጸድቃሉ፣ አሁን ያጸድቃሉ" እያልኩ ስጠብቅ ስብሰባው አለቀ። አንድም አዋጅ የለም። አጠገቤ የነበሩት ሐጂ፣ የሰፈራችን ሰው ናቸው፣ ጭራሽ ሌላ ነገር ነበር የሚያሳስባቸው። "የድሬ ሰው የቱ ጋ ነው የተቀመጠው?" ይሉኛል። ያኔ ለእሳቸውም ለራሴም መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን አለኝ፣ እናንተም እንደኔ ቀናችሁን እንዳታባክኑ ልንገራችሁ።

ከሐጂ ጥያቄ እንጀምር፣ ከኔ ይሻላል። በዚህ ምክር ቤት ወንበሩ የቦታ አይደለም፣ የብሔር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 እንደሚለው እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨመርለታል። ወኪሎቹን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፣ ከፈለጉም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግ ይችላሉ። ድሬ ደግሞ ክልል አይደለችም። በቻርተር አዋጅ 416/1996 የምትተዳደር፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት፤ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስሟን ብትፈልጉ አታገኙትም። ስለዚህ የድሬ ሶማሌ በሶማሌ ወኪሎች፣ የድሬ ኦሮሞ በኦሮሞ፣ አማራው በአማራ፣ ጉራጌው በጉራጌ ተወከለ ይባላል። "ድሬዳዋ" የሚል ወንበር የለም። ይሄንን ለሐጂ ሳስረዳቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው "አቦ! እኔ እኮ የድሬ ልጅ ነኝ" አሉኝ። ምን ልበላቸው? በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ወንበር አለን አልኳቸው። አላጽናናቸውም።

ሐረር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የሐረሪ ክልል በአንቀጽ 47 ከተዘረዘሩት አባል ክልሎች አንዱ ስለሆነ ምክር ቤቱ ራሱ ወኪል ይመርጣል። ያ ምክር ቤትም የራሱ ጉድ አለው። 36 ወንበር ሲኖረው 22ቱ የክልሉ ነዋሪ በሙሉ የሚመርጣቸው ናቸው፣ 14ቱ ግን የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ነው፣ ለሱ ድምፅ የሚሰጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትም ጭምር። ድሬ የሚኖር ጎረቤታችሁ ለሐረር ጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ ብታዩ አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ስብሰባው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየሳምንቱ ስለሚሰበሰብ ለምደነዋል። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ የሚያስገድደው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰብ ነው። ስለዚህ ቀኑን ከምክር ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ቀደም ብላችሁ እዩ። መደበኛ ነው ወይስ አስቸኳይ የሚለውንም አብራችሁ እዩ፤ አስቸኳይ ከሆነ አጀንዳው ጥቂት ነው፣ ከባድ ነው። ሕገ መንግሥቱን ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ያለው 106 አንቀጽ ነው፣ ለዚህ ቀን የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ ከ61 እስከ 68፣ ከዚያ ከ82 እስከ 84 ብቻ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ስልኩን ቻርጅ አድርጉ። ይሄንን ምክር የድሬ ሰው ይረዳኛል።

ጠዋት ሲጀመር አፈ ጉባኤው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ይናገራሉ። ብዙ ሰው ይሄኔ ሻይ ያዛል። አትዘዙ፣ ቁጥሩን ጻፉት። ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ካልተገኘ ስብሰባ የለም፣ ውሳኔ የሚያልፈው ደግሞ ተገኝቶ ድምፅ ከሰጠው በአብላጫው ነው። በውክልና ድምፅ መስጠት አይቻልም፣ አባሉ በአካል እዚያ መሆን አለበት። ቀጥሎ ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፣ አጀንዳ ይጸድቃል። አሁን ሻዩን ማዘዝ ትችላላችሁ።

አጀንዳውን ስታነቡ ሕግ አትፈልጉ። የኔ ስህተት እሱ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ላይኛው ቤት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባል ነበር፣ ስሙ እንደሚለው ሕግ ላይ እጁ ነበረበት። የአሁኑ አዋጅ አያጸድቅም። ሥራው አንቀጽ 62 ላይ ተዘርዝሯል፦ ሕገ መንግሥት መተርጎም፣ የማንነትና የራስን ዕድል የመወሰን ጥያቄ ማየት፣ በክልሎች መካከል የሚነሳ ግጭት መፍታት፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር መወሰን፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር።

ቀመሩ አሰልቺ ይመስላል፣ ግን የውሃና የመንገድ ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጠቅላላውን በጀት ታችኛው ቤት፣ ማለትም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ያጸድቃል፣ ለማን ምን ያህል ይድረስ የሚለውን መለኪያ ይሄኛው ይወስናል። የማንነትና የክልልነት ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ስሜት ይሞቃል። ስልጤ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ ማንነት መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ሲዳማም ህዳር 10 ቀን 2012 ክልል ለመሆን ድምፅ ሰጥቷል።

እኔ ግን በጣም የምወደው የሕገ መንግሥት ትርጉሙን ክፍል ነው። ጉዳዩ እዚያ ከመድረሱ በፊት 11 አባላት ባሉት አጣሪ ጉባኤ ያልፋል፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ጉባኤው "ትርጉም ያስፈልገዋል" ካለ የውሳኔ ሐሳብ ይልካል፣ ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። "አያስፈልገውም" ካለ ቅር የተሰኘው ሰው ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምትሰሙት "ያስፈልገዋል" እና "አያስፈልገውም" ነው። መጀመሪያ ቀን እንቅልፌን ያመጣው ይሄ ነበር። አሁን ግን ከእያንዳንዷ ቃል ጀርባ ሰው እንዳለ ገብቶኛል።

አንድ ምሳሌ። የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው፣ እኛ ድሬና ሐረር ግን የቃዲ ፍርድ ቤት ደጃችን ስለሆነ በደንብ ይገባናል። የቤት ውርስ ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይከፈታል። አንዷ ተከራካሪ "እኔ እዚህ መዳኘት አልፈልግም" ትላለች። አልተሰማችም፣ ተፈረደባት። እስከ ላይ ብትሄድም አልሆነላትም። በመጨረሻ ሕገ መንግሥት ተጥሷል ብላ አቤት አለች፣ ምክር ቤቱ በ1996 ውሳኔውን ሻረላት። የተመዘዘው አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፦ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊታይ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። ሐጂ ይሄንን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና "ልክ ነው፣ ቃዲ ፊት በግድ አይቀረብም" አሉ።

እንግዲህ የዚህ ቤት ስብሰባ ሲታይ ግማሹ ነገር ቀድሞ ያለቀ ነው፣ በአጣሪ ጉባኤና በቋሚ ኮሚቴ። ክርክር ካልሰማችሁ ምንም አልተሠራም ማለት አይደለም። የውሳኔ ሐሳቡ ሲነበብ ሁለት ነገር ያዙ፤ የትኛው አንቀጽ ተጠቀሰ፣ በመጨረሻስ ምን ይደረግ ተባለ። መሃሉን ብታልፉት ብዙ አይጎዳችሁም፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። "በሙሉ ድምፅ" ከተባለ ይሁን። "በአብላጫ ድምፅ" ከተባለ ግን ብዕር አንሱ፤ ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ድምፀ ተዓቅቦ። ሰኔ 3 ቀን 2012ን አስታውሱ። ምርጫው በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ የምክር ቤቶቹ ዘመን ሊያልቅ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል ተብሎ ጥያቄው መጣ። አጣሪ ጉባኤው የባለሙያዎችን ማብራሪያ በቴሌቪዥን አሰማ፣ ሰው ከቡና ቤት እስከ በርጫ ስለ አንቀጽ 58 (የምክር ቤት ዘመን) እና 93 (የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ) ሲከራከር ከረመ። ድምፁ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዕለቱ ምርጫ እስኪካሄድ ምክር ቤቶቹ ይቀጥሉ የሚለውን 114 ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ 1 ድምፀ ተዓቅቦ። አገር የሚያውቀው 114ቱን ነው። እኔ የጻፍኩት አራቱን ነው፤ በዚህ ቤት "አይ" የሚል እጅ ብዙ አይታይም።

ስብሰባው ሲዘጋ ወዲያው ፌስቡክ ላይ አትጻፉ። ዜናው አንድ አንቀጽ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ዝርዝሩን ምክር ቤቱ ራሱ ከሚያወጣው ጋር አስተያዩት። የራሳችሁ የፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሮ "ይሄ ለኔም ይሆናል" ካላችሁም ሰተት ብላችሁ ምክር ቤቱ ጋ አትሂዱ፣ መጀመሪያ የይግባኝ መንገዱን ጨርሱ፣ ከዚያ በጽሑፍ ለአጣሪ ጉባኤው ነው።

ሐጂ አሁን ስብሰባ ሲኖር ቀድመውኝ ይመጣሉ። የድምፁን ቁጥር የስኳር ወረቀት ላይ ይጽፉና ኪሳቸው ይከቱታል። የድሬን ወንበርም አሁንም ይፈልጋሉ፣ ካሜራው አዳራሹን ባሳየ ቁጥር።