እናታችሁ ቡና ጠሪ ትሁን

ያረጀ ወላጅ ሲተክዝ ሁላችንም የሚቀናን ጠያቂ ማብዛት ነው። ጠያቂ ጥሩ ነው። ግን ሁልጊዜ የሚጠየቅ ሰው በሽተኛ የሆነ ይመስለዋል። እናታችሁ ራሷ ሰው ትጥራ።

ጅማ ላይ ለዚህ ቡናን የመሰለ የለም። እኛ ቤት ቡናውን የምትለቅመው እማዬ ናት። ቆልታ የምታፈላው የእህቴ ልጅ ናት፤ የእማዬ ጉልበት እምቢ ብሏል። ማን እንደሚጠራ የምትወስነው ግን እማዬ ብቻ ናት፤ ይህን ሥልጣን አንነካባትም። «አንቺ አረፍ በይ» እያሉ ሁሉን ነገር የሚወስዱባት ልጆች፣ በገዛ ቤቷ እንግዳ ያደርጓታል።

የጅማ በርጩማ ስሙ የታወቀ ነው፤ ለአሮጊት ጉልበት ግን ዝቅ ይላል። መደገፊያ ያለው ወንበር ስጧት። ቡናውም ሳይመሽ በጊዜ ይፈላ። ማምሻውን አቦል የጠጣች እናት ሌሊቱን ስትገላበጥ ልታድር ትችላለች፤ እንቅልፍ ሲጠፋ ደግሞ ትካዜው ይብሳል።

ክረምት ላይ ዝናቡና ጭቃው ቤት ያስቀራታል። የምታምኑት የሰፈር ባጃጅ ሾፌር ያዙና ስልኩን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉላት። እድሯ እንዳይቀርባት። «ለቅሶ አትሂጂ፣ ታዝኛለሽ» የሚለው ምክር አይዋጥልኝም፤ እኩዮቿን የምታገኘው እዚያ ነው።

ሰው መሀል ዝም ካለች ጆሮዋንም ጠርጥሩ። ያልሰማ ሰው ከጨዋታ ይወጣል። ቴሌቪዥኑን ቀንሱ፣ ፊት ለፊት ሆናችሁ አውሯት፣ ጆሮዋንም አስመርምሩላት። አንዳንዴ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ርቃችሁ የምትኖሩ፣ «ደህና ነሽ?» ካላችኋት «ደህና» ትላለች፤ ስልኩም አለቀ። ምክር ጠይቋት። በርበሬው ለምን እንደመረረ፣ የአጎታችሁ ሠርግ እንዴት እንደነበር። ወሬው ራሱ ይመጣል።

ይህ ሁሉ የማይበቃበት ጊዜ አለ። «እርጅና ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። አረጋውያን ላይ ድብርት ብዙ ጊዜ በወገብ፣ በራስና በሆድ ሕመም ነው የሚናገረው። የምትወደውን ነገር ከተወች፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዛባባት፣ ይህም 2 ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የምትወስደውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ራሱ መድኃኒቱ የሚያደበዝዛት ሊሆን ይችላል። ጠበል የምትጠመቅ ከሆነ ትጠመቅ፤ መድኃኒቷን ግን አታቋርጥ።

በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ሰው ማወቅ ካቃታት ግን ወረፋ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ድንገተኛ ክፍል አድርሷት።

«ምነው በወሰደኝ» የሚለው የአሮጊት ወግ ብዙ ነው። ቢሆንም ሲደጋገም ቁጭ ብላችሁ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በሏት። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፤ የዚያኑ ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይዛችኋት ሂዱ።