እንግሊዝ ውስጥ ቤት ለምትገዙ፦ የሶሊሲተር አመራረጥና የእቁብ ብር ጣጣ

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ቤት ስትገዙ ውሉን የሚመረምር፣ ገንዘቡን የሚያስተላልፍና ቤቱን በስማችሁ የሚያስመዘግብ ባለሙያ ያስፈልጋችኋል። ሶሊሲተር (ጠበቃ) ወይም ላይሰንስድ ኮንቬየንሰር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በቤት ዝውውር ላይ የተካነ ባለሙያ ነው። ለተራ ግዢ ሁለቱም ይሆናሉ። ስኮትላንድ ያላችሁ ግን ሕጋችሁ ሌላ ስለሆነ ይህን አትከተሉ።

ፍለጋውን ቤት ሳታገኙ ጀምሩ። ሦስት ቢሮ ጠይቁና ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ክፍያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የራሳቸው የሥራ ዋጋ ነው፣ 20 በመቶ ቫት ይታከልበታል። ሌላው ለእናንተ ብለው ለሌላ የሚከፍሉት ነው፦ ለካውንስል መረጃ፣ ለውኃና ፍሳሽ መስመር መረጃ፣ ለላንድ ሬጂስትሪ ምዝገባ። ማስታወቂያው ላይ ርካሽ የሆነው ቢሮ በኋላ «ለአፓርታማ ተጨማሪ»፣ «ለስጦታ ገንዘብ ተጨማሪ» እያለ ይቆልልባችኋል።

ቤቱን የሚያሻሽጠው ኤጀንት የሚጠቁማችሁን ቢሮ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ሰው በመላኩ ኮሚሽን ሊያገኝ ይችላል። እኔ የምመርጠው ስልክ የሚያነሳውን ነው። ሳትቀጥሩት ሁለት ቀን ደውሉ። ገበያ ሲፈልግ ካላነሳ፣ ከከፈላችሁት በኋላ ጭራሽ አያነሳም። ፈቃዱንም በተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ላይ እዩ፤ ሶሊሲተር ከሆነ ኤስአርኤ፣ ኮንቬየንሰር ከሆነ ሲኤልሲ። ሞርጌጅ የሚሰጣችሁ ባንክ እንደሚቀበለውም ጠይቁ። ካልተቀበለው ለባንኩ ሌላ ጠበቃ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ጣጣው። ገና ከጅምሩ «ዲፖዚቱ ከየት መጣ?» ትባላላችሁ። ሶሊሲተሮቹን ይህን የሚያስጠይቃቸው ቆሻሻ ገንዘብ ለመከላከል የወጣው ሕግ ነው።

እኔ 12,000 ፓውንድ የእቁብ ዕጣ ደርሶኝ ነበር። በጥሬው ተቀበልኩና በየሳምንቱ እየቆራረስኩ ባንክ አስገባሁ። ባንኩ እንዳይጠረጥር ብዬ ነው። ያስጠረጠረኝ ግን ራሱ መቆራረሴ ሆነ። ሶሊሲተሯ ስቴትመንቴን አይታ «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። «እቁብ» አልኳት። እቁብን ለማስረዳት አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሻጩ ቤቱን መልሶ ገበያ ላይ ሊያወጣው አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር።

እናንተ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። እቁብ ምን እንደሆነ፣ አባላቱ ስንት እንደሆኑ፣ በወር ስንት እንደምትጥሉና ዕጣው መቼ እንደደረሳችሁ ግለጹ። የእቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የፈረመበት ደብዳቤና የዕጣ መዝገቡን ኮፒ አያይዙ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ባንክ ነው። በየወሩ የምትጥሉትን በባንክ ላኩ፣ ዕጣውንም በባንክ ተቀበሉ። ቤት የመግዛት ሐሳብ ካላችሁ ዛሬውኑ ጀምሩት፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሠራ ማስረጃ የለም።

ዕጣው ቀድሞ የወጣላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። ለእኛ እቁብ ብድር አይደለም። ባንኩ ግን የቀረውን ዙር እንደ ዕዳ ሊቆጥረው ይችላል። ሶሊሲተሩም አብዛኛውን ጊዜ የባንኩም ጠበቃ ስለሆነ አይደብቅላችሁም። ሞርጌጅ ስታመለክቱ ራሳችሁ ተናገሩ።

ዘመድ ከረዳችሁ የስጦታ ደብዳቤ ይጠየቃል። ብድር እንዳልሆነና ሰጪው ከቤቱ ድርሻ እንደማይጠይቅ ይጻፍበታል። የሰጪው መታወቂያና ስቴትመንትም ይታያል። ወንድሜ «ቤት የምትገዛው አንተ፣ የምመረመረው እኔ?» ብሎ ኩርፊያ ቀረሽ ነበር። ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀለል ይላል። በየቀኑ አትደውሉ፤ ጥያቄዎቻችሁን ሰብስባችሁ በሳምንት አንድ ኢሜይል ላኩ። አፓርታማ ከሆነ ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሊዙ ስንት ዓመት እንደቀረው፣ የመሬት ኪራዩን፣ እና ያለፉትን ዓመታት ሰርቪስ ቻርጅ (ለሕንፃው የጋራ ወጪ የሚከፈለውን)። ሊዙ ከ80 ዓመት በታች ከሆነ ማራዘሙ ውድ ሊሆን ስለሚችል ዋጋውን ሳታውቁ አትፈርሙ። የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ ግን ሶሊሲተር አያይም። ለዚያ ሰርቬየር ቅጠሩ።

የተፈረመውን ውል እስክትለዋወጡ ድረስ እናንተም ሻጩም ማፈግፈግ ትችላላችሁ። ከተለዋወጣችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ዲፖዚቱ ይበላል፤ የተለመደው የቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ነው። ቁልፍ ከተረከባችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ እንግሊዝ ከሆናችሁ፣ የስታምፕ ዲዩቲ (የቤት ግዢ ግብር) ማስታወቂያው ገብቶ ግብሩም መከፈል አለበት። ሶሊሲተሩ ያደርገዋል፣ ደረሰኙን ግን ጠይቁ።

ገንዘቡን ልትልኩ ስትሉ «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» የሚል ኢሜይል ቢመጣ የሌባ ነው ብላችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ በተሰጣችሁ ስልክ ደውላችሁ ቁጥሩን አንድ በአንድ አስነብቡ፤ ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ አይደለም። እኔ መጀመሪያ 1 ፓውንድ ልኬ «ደረሰ» ሲሉኝ ነው ቀሪውን የላክሁት።