ልጓም የሚሸሽን ፈረስ እጅ ማስለመድ

ዛቡ ገና ሲነሳ አንገቱን ወደ ላይ የሚወረውር፣ አፉን ከፍቶ ምላሱን የሚያወጣ ወይም አገጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ከእጅ የሚያመልጥ ፈረስ ብዙ ጊዜ «እልኸኛ» የሚል ስም ይወጣለታል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም የታወቀ ነው፤ ጠንከር ያለ ልጓም፣ ጠበቅ ያለ ጠፍር፣ አጠር ያለ ዛብ። ሦስቱም ያባብሱታል። ፈረሱ የሚሸሸው ብረቱ ሲንቀሳቀስ የሚከተለውን ሕመም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙ ይጠፋል፣ ከዚያ እጅ በነካው ቁጥር ሕመም እንደማይመጣ ይማራል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም።

አፉን ሳያዩ አይጀመርም

የልጓሙ ብረት የሚያልፈው በፊት ጥርሶችና በመንጋጋ ጥርሶች መሐል ባለው ጥርስ አልባ ድድ ላይ ነው። እዚያ ቦታ አጥንቱን የሚሸፍነው ስስ ሥጋ ብቻ ነው። ጣታችሁን በከንፈሩ ጥግ አስገብታችሁ ሁለቱንም ጎን ዳስሱ። ጤነኛ ድድ ልስልስና ግራ ቀኙ አንድ ዓይነት ነው። ጉብ ያለ፣ የሞቀ ወይም ስትነኩት ፈረሱ ራሱን የሚነጥቅበት ቦታ ካገኛችሁ ጉዳት አለ። የከንፈሩን ጥግም ገልጣችሁ ጠባሳና ቁስል ፈልጉ። ቁስሉ ክፍት ከሆነ እስኪድን ድረስ ብረት አይገባም።

ቀጥሎ ጥርሱ። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች በውጭ ጠርዛቸው በኩል፣ የታችኞቹ ደግሞ በውስጥ በኩል እየሾሉ ይሄዳሉ። የላይኞቹ ሹል ጠርዞች ጠፍሩ ጉንጭን ሲጫን ሥጋውን ይቆርጡታል፤ የታችኞቹ ምላስን ይልጣሉ። አንዳንድ ፈረስ ከመጀመሪያው የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ፊት የተኩላ ጥርስ የምትባል ትንሽ ጥርስ ታበቅልበታለች፤ ብረቱ ከነካት ራሱን መወርወር ይጀምራል። የእንስሳት ሐኪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ፈረስ ደግሞ በየ6 ወሩ አፉን ይይለት። በዚያ ዕድሜ የወተት ጥርሶቹ እየወደቁ ስለሆነ ትናንት ልጓም ይቀበል የነበረ ፈረስ ዛሬ ቢያምፅ አያስገርምም።

ኮርቻውም ይፈተሽ። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በአውራ ጣት ቀስ እያላችሁ ከትከሻ እስከ ወገብ ተጫኑ። ጀርባውን የሚያጎብጥ ወይም ጡንቻው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ አፉ ላይ ላይሆን ይችላል። ጀርባው የሚያመው ፈረስ አንገቱን ያነሳል፤ ጋላቢው ደግሞ ልጓም እምቢ አለ ይላል።

የትኛው ብረት

ባህላዊው ያገራችን ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ ቀለበት አለው። ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጋውን ከታች ሲይዝ አፍ ውስጥ ያለው ብረት ምላሱንና ላንቃውን ይጫናል። ሽምጥ የሚጋልብን የጉግስ ፈረስ በአንድ እጅ ባጭር ጊዜ ለማቆም የሚያገለግል ነው። ዛቡ ዘወትር ልል ሆኖ በሚንጠለጠልበት አነዳድ ያስኬዳል፤ እጅ ሳይቋረጥ ለሚነካበት ሥራ ግን አይሆንም። ከፌሮ ቁራጭ ወይም ከሽቦ የተጠማዘዘው የጋሪ ልጓም ከዚህ ይብሳል፤ ጠርዙ ሻካራ ስለሆነ የከንፈር ጥግ ይሰነጥቃል፤ መጣል ነው ያለበት።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ስናፍል የሚባለው፣ በግራና በቀኝ ቀለበት ያለው፣ ሁለት ቦታ ላይ የሚታጠፍ ለስላሳ ልጓም ነው። ስፋቱን ለማወቅ ቀጭን ገመድ ብረቱ በሚያርፍበት ቦታ በአፉ አሳልፉና በከንፈሩ ሁለት ጥጎች ላይ ምልክት አድርጉ። ብረቱ ከዚያ ልኬት ከ0.5 እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። ከዚህ ካጠረ ጥጉን ይቆነጥጣል፣ ከረዘመ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ውፍረትን በተመለከተ «ወፍራም ብረት ለስላሳ ነው» የሚለው አባባል ለሁሉም አይሠራም። ያገራችን ፈረሶች ትናንሾች ናቸው፣ አፋቸውም እንደዚያው። ወፍራም ብረት ምላሱ ላይ ተጭኖ አፉን እንዳይዘጋ ያደርገዋል። 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ለብዙዎቹ ይበቃል።

ብረቱ የከንፈሩን ጥግ ነክቶ አንድ ቀላል እጥፋት ያሳይ። በጣም ከወረደ ፈረሱ ምላሱን ከብረቱ በላይ ማሻገር ይማራል፤ ይህ አመል አንዴ ከገባ ለማስለቀቅ ወራት ይፈጃል። ድንጉላ ወይም የተኮላሸ ሰንጋ ከሆነ ብረቱ ክራንቻውን እንዳይነካ እዩ። የአፍንጫ ጠፍሩ በአፍንጫው አጥንት መሐል ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ጎን ላይ መለካት ያታልላል፣ እዚያ ሥጋው ይሰጣል። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. በውድድሮቹ ላይ ይህንኑ ክፍተት በመለኪያ ማጣራት ጀምሯል፤ ልኩ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠፍር አጥብቆ አፍ ማዘጋት ምልክቱን መደበቅ ነው።

ከመሬት

በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ዛብ የሌለው ልጓም አግቡለትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል በረቱ ውስጥ አቆዩት። አንድ ሰው አብሮት ይቁም፤ ልጓም ያደረገ ፈረስ ታስሮ ብቻውን አይተውም። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ብርዳማ ቦታ ጠዋት ጠዋት ብረቱን በመዳፋችሁ አሙቁት። ለማስከፈት አውራ ጣታችሁን ጥርስ በሌለው ድድ በኩል አስገቡ እንጂ ብረቱን ከፊት ጥርሱ ጋር አታጋጩ። ስታወልቁ የማጅራቱን ጠፍር ቀስ ብላችሁ አውርዱና ብረቱን ራሱ እስኪተፋ ጠብቁ። ብዙ ፈረስ ልጓም የጠላው ሲወልቅለት ጥርሱን በመመታቱ ነው።

ከዚያ ዛቡ ይታሰር። ከትከሻው አጠገብ ቁሙና አንዱን ዛብ ከቀለበቱ አንድ ስንዝር ርቃችሁ ያዙ። ወደ ኋላ አትሳቡ፤ እርጥብ ስፖንጅ እንደምትጨምቁ ጣቶቻችሁን ብቻ ቀስ እያላችሁ ዝጉ። ጠብቁ። መጀመሪያ አንገቱን ሊያነሳ ይችላል፤ እጃችሁ አይጨምር፣ አይልቀቅም፣ አብሮት ይውጣ። መንጋጋውን ሲያላላ፣ ብረቱን ሲያላምጥ ወይም አፍንጫውን በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንኳ ወደ እናንተ ሲያዞር ወዲያውኑ ጣታችሁን ክፈቱ። «ወዲያውኑ» ማለት ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ፈረስ የሚማረው ከመያዙ ሳይሆን ከመለቀቁ ነው፤ ዘግይታችሁ ከለቀቃችሁ በዚያች ቅጽበት ሲሠራ የነበረውን፣ ምናልባትም ራስ መወርወሩን፣ ታስተምሩታላችሁ። በእያንዳንዱ ጎን አምስት ስድስት ጊዜ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱ ጎን ይከብደዋል፤ በዚያ በኩል ጀምሩ፣ በዚያው ጨርሱ።

ይህን ያለ ትግል ሲሠራ በእርምጃ እየመራችሁ ጣት በመዝጋት ብቻ ማቆምን ጨምሩ። ገመድ ይዛችሁ በዙሪያችሁ የምታስሮጡት ከሆነ ገመዱን ከአፉ ብረት ጋር አትሰሩት፤ የአንድ ወገን ጉተታ እስካሁን የሠራችሁትን ያፈርሰዋል።

በጀርባው ላይ

ስለ እጅ ክብደት ብዙ ይባላል፤ በልኬት መናገር ይሻላል። ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ በገመድ አንጠልጥላችሁ በጣታችሁ ያዙት። በእያንዳንዱ እጅ መነሻ አድርጋችሁ የምትይዙት ከዚያ አይበልጥ። ዛቡን ጨርሶ መልቀቅም ለዚህ ዓይነቱ ፈረስ እፎይታ አይሆንለትም፤ ልል ብሎ ድንገት የሚጠብቅ ዛብ ከማያቋርጥ ቀላል ንክኪ ይልቅ ያስደነግጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ፈረስ በእርምጃና በግልቢያ ጊዜ አንገቱን ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዛል፤ በሶምሶማ ግን ራሱ ከሞላ ጎደል ይረጋል። ስለዚህ በእርምጃ «እጄን አረጋሁ» ብሎ ክርኑን ያደረቀ ጋላቢ በየእርምጃው አፉን ይመታዋል። ክርናችሁ ይከፈት፣ ይዘጋ፣ አንገቱን ይከተል። በሶምሶማ ደግሞ የሚናጠው የእናንተ ገላ ነው፤ እየተነሳችሁና እየተቀመጣችሁ ጋልቡ፣ ስትነሱም ክርናችሁ ይዘርጋ። እጃችሁ የማይረጋ ከሆነ አንገቱ ላይ ጠፍር እሰሩና በትንሿ ጣታችሁ ያዙት።

በ20 ሜትር ክብ ላይ ሥሩ። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ እጅ፤ ምንጊዜም በዚህ ቅደም ተከተል። በክቡ ውስጥ በኩል ያለው እግራችሁ የሆዱን ጠፍር አካባቢ ነክቶ ወደፊት ሲገፋው የኋላ እግሩ ወደ ሆዱ ሥር ይገባል፤ ጀርባው ይነሳል፤ አንገቱ ወደፊት ይዘረጋና ብረቱን ራሱ ይፈልጋል። አንገቱን በእጅ ማጉበጥ ይቻላል፣ ፎቶም ያምራል፤ የኋላ እግሩ ግን አብሮ አይመጣም። በየዙሩ አንድ ጊዜ የውስጡን እጅ ለሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ጋማው ዘርጉ። ክቡንና ፍጥነቱን ካልቀየረ እጃችሁ ላይ አልተደገፈም። ከዚያ ሁለቱንም ዛብ ቀስ በቀስ አስረዝሙ፤ አፍንጫውን ወደፊትና ወደ ታች እያወረደ ብረቱን ከተከተለ ልጓሙን ተቀብሏል። ነጥቆ ካወጣው በግድ ይዛችሁት ነበር ማለት ነው።

ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል፣ በሳምንት አራት ቀን። ጥሩ ሲሠራ ውረዱ፤ «አንዴ ልድገመው» ማለት ነው ብዙውን ቀን የሚያበላሸው።

ሲበላሽ

ራሱን ሲያነሳ እጅን ወደ ጉልበት ማውረድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ብረቱ ድዱ ላይ ስለሚወርድ የበለጠ ያነሳዋል። ከክርናችሁ እስከ ብረቱ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እጃችሁም አብሮ ይነሳ፣ እግር ግን ወደፊት ይግፋ። ግራ ቀኝ እያፈራረቁ ዛብ መጎተትም ራሱን ዝቅ ያስደርገዋል፤ ያ ግን መሸሽ እንጂ መቀበል አይደለም።

አገጩን ደረቱ ላይ የሚለጥፈው ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም በእጅ ላይ ቀላል ስለሚመስል ጋላቢውን ደስ ያሰኘዋል። ዛብ አስረዝሙ፣ ፍጥነት ጨምሩ፣ አፍንጫው ከግንባሩ እስኪቀድም ምንም አትያዙ። የሚደገፈውን አትሸከሙት፤ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ በየ15 እርምጃው ቀያይሩ። ተጨንቆ ለሚቻኮለው ሁለቱን ዛብ ከመያዝ ይልቅ በአንዱ ወደ ትንሽ ክብ አዙሩት። ወደ ኋላ እየተራመደ የፊት እግሮቹን ከመሬት የሚያቀል ፈረስ ግን በኋላ እግሮቹ ሊቆም፣ ሊወድቅባችሁም ይችላል፦ ዛቡን ልቀቁ፣ አንገቱን ወደ ጎን አዙሩ፣ ወደፊት ንዱት፣ ከዚያ ወርዳችሁ ምርመራውን ከጥርሱ እንደገና ጀምሩ።

ፈረሱ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ የሚወጣና ባህላዊ ልጓም የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ ሥራው በመስከረም ይጀመር። ልምምዱ ሁሉ በስናፍል ይሁን። ባህላዊውን በመጨረሻው ሳምንት ብቻ፣ በቀን ለ10 ደቂቃ፣ ዛቡ ልል ሆኖ በእርምጃ አልብሱት፤ ማቆሚያውንም በድምፅና በገላ ክብደት አስለምዱት። በበዓሉ ማግስት አፉን ዳስሱ፤ ድዱ ከሞቀ ለአንድ ሳምንት ብረት አይግባለት።