የድርጅትን አሠራር በሥዕላዊ ሞዴል መተንተንና መንደፍ

የአንድን ድርጅት አሠራር በሥዕል ለማስቀመጥ የተነሣ ባለሙያ የመጀመሪያውን ሳጥን ከመሣሉ በፊት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል፦ ይህ ሥዕል ሲያልቅ ማን፣ ምን ይወስንበታል? የግዥ ጥያቄ ለምን እንደሚጓተት ለማወቅ የሚሣል ሞዴልና ለዚያው የግዥ ሥራ ዳታቤዝ ለመገንባት የሚሣል ሞዴል፣ የሚመለከቱት ሥራ አንድ ቢሆንም የሚያሳዩት ነገር ለየቅል ነው። ጥያቄው ሳይለይ የተጀመረ ሥዕል ሁሉንም ልያዝ ሲል ግድግዳ ይሞላል፤ ከፊቱ የቆመ ሰው ግን የሚፈልገውን አያገኝበትም። ከዚህ በታች የግዥን ሥራ ለምሳሌ ይዘን፣ ሥዕሎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠሩና ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዱ ሥዕል የሌላውን ጉድለት እንዴት እንደሚያጋልጥ እንመለከታለን።

የሥዕሉን ዓይነት መምረጥ

የሥራን ሂደት በምልክት መግለጽ ረጅም ዕድሜ አለው። ፍራንክና ሊሊያን ጊልብሬዝ የሂደት ሥዕልን ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1921 ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘዴዎች ተፈጥረዋል፤ እያንዳንዱ የተነሣው ከተለየ ጥያቄ ስለሆነ ግን አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም። ድርጅቱ ምን ምን ተግባራትን ያከናውናል፣ እያንዳንዱንስ ተግባር የሚገዛው ምንድን ነው ለሚለው፣ ከዳግላስ ሮስ የትንተና ዘዴ ተወስዶ በአሜሪካ አየር ኃይል ፕሮግራም የዳበረውና በ1993 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ደረጃ ሆኖ የታተመው አይዴፍ ዜሮ ይመረጣል። መረጃ ከየት ተነሥቶ የት ያርፋል ለሚለው በ1970ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው የመረጃ ፍሰት ሥዕል አለ። ማን፣ መቼ፣ ከምን ቀጥሎ ይሠራል ለሚለው የሥራ ሂደትን የሚያሳየው የሥዕል ቋንቋ ቢፒኤምኤን፣ ድርጅቱ ስለ ምን ስለ ምን መዝገብ ይይዛል ለሚለው ደግሞ ፒተር ቼን በ1976 ያቀረበው የኢንቲቲና ዝምድና ሞዴል (ኢንቲቲ ማለት እንደ አቅራቢ ወይም ትእዛዝ ያለ፣ መዝገብ የሚያዝለት ነገር ነው) ያገለግላሉ። በ1997 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው የሶፍትዌር መንደፊያ የሥዕል ቋንቋ ዩኤምኤል በአብዛኛው ተፈላጊ የሚሆነው ሥራው ወደ ሶፍትዌር ጸሐፊዎቹ ሲሸጋገር ነው።

ለመካከለኛ ፕሮጀክት የተግባር፣ የሂደትና የመረጃ ሥዕል፣ ሦስቱ ይበቃሉ የሚል እምነት አለኝ። አራተኛ የሚጨመረው በሦስቱ ሊመለስ ያልቻለ ጥያቄ በግልጽ ሲታይ ብቻ ነው። የሥዕል መሣያው ፕሮግራም የሚያቀርበው የምልክት ብዛት ሌላ ሥዕል ለመጨመር ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ወረቀቱን ተከትሎ መረጃ መሰብሰብ

«ግዥ እንዴት ትፈጽማላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው መመሪያው የሚለውን ነው። ስለዚህ ተፈጽሞ የተዘጋ አንድ የግዥ ፋይል ከመዝገብ ቤት ያስወጡ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ያለውን ፊርማ፣ ማኅተምና ቀን እያነበቡ፣ የፈረመውን ሰው ጠረጴዛው ድረስ ሄደው «ይህ ወረቀት ወደ እርስዎ የመጣው ከማን ነው? እርስዎስ ወዴት መሩት?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው በተፈቀደበትና የግዥ ትእዛዙ በተጻፈበት ቀን መካከል ሦስት ሳምንት ካለ፣ ወረቀቱ በእነዚያ ሳምንታት የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ሰው ይኖራል፤ ያ ቦታ በመመሪያው ውስጥ ላይጠቀስ ይችላል፣ በሥዕሉ ላይ ግን መኖር አለበት። ቀጥሎ ሳይሳካ የቀረ ሁለተኛ ፋይል ይውሰዱ፦ ተመላሽ የሆነ ጥያቄ፣ ዕቃው ተጓድሎ የመጣበት ትእዛዝ፣ ወይም በመሀል የተሰረዘ ግዥ። ከተስተካከለው ፋይል የሂደቱ አከርካሪ ይገኛል፤ ሶፍትዌሩ ሥራ ላይ ሲውል ችግር የሚፈጥሩት ቅርንጫፎች ግን የሚገኙት ከሁለተኛው ነው።

ተግባርን መተንተን

በአይዴፍ ዜሮ ሳጥን ተግባርን ይወክላል፤ ስሙም «ግዥ መፈጸም»፣ «አቅራቢ መምረጥ» እንደሚሉት ድርጊትን የሚናገር ይሆናል። ቀስቱ ሳጥኑን የሚነካበት ጎን የራሱ ትርጉም አለው፦ ከግራ የሚገባው በተግባሩ የሚለወጠው ግብዓት፣ ከላይ የሚወርደው ተግባሩን የሚገዛው መመሪያ ወይም ገደብ፣ በቀኝ የሚወጣው ውጤት፣ ከታች የሚገባው ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ሰው ወይም መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አንድ ሳጥን ብቻ ይይዛል፤ ከሥሩም የሞዴሉ ዓላማና ሥራው ከማን አንጻር እንደታየ ይጻፋል። ያ ሳጥን በቀጣዩ ገጽ ከሦስት ባላነሱ፣ ከስድስት ባልበለጡ ሳጥኖች ይዘረዘራል። ከሦስት ያነሰ ዝርዝር ለአንባቢው እምብዛም አዲስ ነገር አይጨምርለትም፤ ከስድስት የበለጠም በአንድ እይታ አይያዝም። በላይኛው ገጽ ወደ ሳጥኑ የገባ ቀስት በታችኛው ገጽ ጠርዝ ላይ ተመልሶ መታየት አለበት፤ ካልታየ ወይ ተረስቷል ወይ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም ነበር።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ያለው የቀስቱን ጎን ለመወሰን በሚደረገው ክርክር ውስጥ ነው። «ግዥ መፍቀድ» የሚለውን ሳጥን እንውሰድ። የበጀቱ ቀሪ ሂሳብ ከግራ ይገባል ወይስ ከላይ? ፈቃጁ ቀሪውን አይቶ ብቻ የሚፈርም ከሆነ በጀቱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ገደብ ሆኖ ከላይ ይወርዳል። ጥያቄው ሲፈቀድ ገንዘቡ ወዲያውኑ ከቀሪው ላይ የሚያዝ ከሆነ ግን በጀቱ በተግባሩ ይለወጣልና ከግራ ገብቶ፣ ተቀንሶ በቀኝ ይወጣል። የግዥ ክፍሉና የፋይናንስ ክፍሉ በዚህ ቀስት ካልተስማሙ፣ ሥዕሉ በአሠራሩ ውስጥ ያለ እውነተኛ ክፍተት ላይ ጣቱን አሳርፏል ማለት ነው፤ ምክንያቱም በጀት የሚቀነሰው ክፍያ ሲፈጸም ብቻ ከሆነ፣ ሁለት የሥራ ክፍሎች በአንድ ቀሪ ሂሳብ ላይ ተፈቅዶላቸው ሁለቱም ዕቃ ሊያዙ ይችላሉ። ይህን በወረቀት ላይ ማግኘትና ሁለት አቅራቢዎች ክፍያ ሲጠይቁ ማግኘት ዋጋቸው እኩል አይደለም።

ሳጥኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ መደርደራቸው የጊዜ ቅደም ተከተልን እንደማያመለክት ልብ ማለት ያስፈልጋል። አይዴፍ ዜሮ ስለ ጊዜ አይናገርም፤ ጊዜን የሚጠይቅ ሰው ወደ ሂደት ሥዕል መሄድ አለበት።

ስለ መረጃ ፍሰት ሥዕል ባጭሩ

የመረጃ ፍሰት ሥዕል አራት ምልክቶች ብቻ ስላሉት ከሥራ ኃላፊዎች ጋር ለመነጋገር የተመቸ ነው፦ ሂደት፣ የውጭ አካል፣ የመረጃ ማከማቻና ፍሰት። የሚፈተሸውም በጥቂት ደንቦች ነው። መረጃ የሚገባበት፣ ነገር ግን ምንም የማይወጣበት ሂደት ስሕተት ነው፤ ምንም ሳይገባበት ውጤት የሚሰጥም እንዲሁ። ከአንድ ማከማቻ ወደ ሌላ ማከማቻ መሀል ላይ ሂደት ሳይኖር መረጃ ሊሻገር አይችልም፤ የሚያሻግረው ሰው ወይም ፕሮግራም መኖር አለበትና።

ሂደትን በቢፒኤምኤን መሣል

ቢፒኤምኤን በ2004 ወጥቶ፣ ሁለተኛው ዋና እትሙ በ2011 ታትሞ፣ በ2013 አይኤስኦ 19510 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ምልክቶቹ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ለጀማሪ የሚያስፈልጉት ግን መነሻና መድረሻ ክበቦች፣ ሥራን የሚወክሉ ጠርዘ ክብ ሳጥኖች፣ መንገድ የሚከፋፍሉና የሚያገናኙ አልማዝ ቅርጾች፣ እንዲሁም የሥራ ክፍሎችን የሚለዩ መስመሮች ብቻ ናቸው። አቅራቢው በራሱ ገንዳ፣ ማለትም የአንድን ድርጅት ሥራ በሙሉ በሚያቅፍ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የእርሱን የውስጥ ሥራ እኛ ስለማናዘው ገንዳው ባዶ ሊተው ይችላል። ቅደም ተከተልን የሚያሳየው ድፍን ቀስት የገንዳን ወሰን ፈጽሞ አያልፍም፤ በድርጅቱና በአቅራቢው መካከል የሚመላለሰው በተቆራረጠ መስመር የሚሣለው የመልእክት ቀስት ነው።

ብዙ ሥዕሎች የሚበላሹት በአልማዞቹ ላይ ነው። የኤክስ ምልክት ያለው አልማዝ ከመንገዶቹ አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ የመደመር ምልክት ያለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስጀምራል፤ ማገናኛ ሲሆንም ሁሉም እስኪደርሱ ይጠብቃል። አነስተኛ ግዥ በቀጥታ፣ ከፍተኛ ግዥ በኮሚቴ በኩል እንዲያልፍ በኤክስ ተከፍሎ፣ ሁለቱ መንገዶች በመደመር ምልክት ከተገናኙ፣ ሂደቱ ፈጽሞ የማይመጣውን ሁለተኛ መንገድ እየጠበቀ ለዘለዓለም ይቆማል። በተቃራኒው በመደመር የተከፈለው በኤክስ ከተገናኘ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁለት ጊዜ ይፈጸማል፤ ያ ሥራ «የክፍያ ማዘዣ ማዘጋጀት» ቢሆን የሚከተለውን መገመት አያዳግትም። ይህን ለመለየት የሚረዳው ሐሳብ ካርል አዳም ፔትሪ በ1962 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ከተጀመረው የኔት (የመረብ) ንድፈ ሐሳብ የመጣ ነው፦ ሳንቲም ወይም አዝራር በመነሻው ክበብ ላይ አስቀምጦ፣ በየአልማዙ ደንብ መሠረት እያንቀሳቀሱ መጨረሻው ክበብ መድረሱን ማየት። አንድ አዝራር ከጀመረ፣ ሁሉም ነገር ሲያልቅ አንድም አዝራር መሀል መንገድ ላይ መቅረት የለበትም።

መዝገቡን መንደፍ፣ ከሂደቱም ጋር ማመሳከር

የኢንቲቲና ዝምድና ሞዴል ሲሠራ ዋናው ሥራ ስሞቹን መዘርዘር አይደለም፤ በስሞቹ መካከል ያለውን የቁጥር ዝምድና መጠየቅ ነው። አንድ የግዥ ትእዛዝ ስንት ርክክብ ሊኖረው ይችላል? መቶ ወንበር የታዘዘው አቅራቢ ዛሬ ስልሳ፣ በሚቀጥለው ወር አርባ የሚያመጣ ከሆነ መልሱ «አንድ ወይም ብዙ» ነው። አሁን ወደ ሂደት ሥዕሉ ይመለሱ፦ «ዕቃ መረከብ» አንድ ጊዜ ብቻ ተሥሎ ቀጥታ ወደ ክፍያ የሚያመራ ከሆነ፣ ሁለቱ ሥዕሎች ይጋጫሉ፤ ቀሪው ዕቃ እስኪመጣ የሚመላለስ መንገድ ጎድሏል ማለት ነው። እንዲሁም ፋይናንስ ክፍሉ ከመክፈሉ በፊት ትእዛዙን፣ የርክክብ ሰነዱንና የአቅራቢውን ኢንቮይስ የሚያስተያይ ከሆነ፣ ማስተያያው በእያንዳንዱ የዕቃ መስመር መሆን አለበት፤ ሰነድን ከሰነድ ጋር ብቻ የሚያገናኝ ሞዴል ስልሳ ወንበር ገብቶ ለመቶ የተጠየቀበትን ኢንቮይስ አይይዝም።

ይህን ማመሳከር በዘፈቀደ ከመተው በአንድ ሠንጠረዥ ሥርዓት ማስያዝ ይሻላል። በግራ በኩል ከሂደት ሥዕሉ የተወሰዱትን ሥራዎች፣ ከላይ ከመረጃ ሞዴሉ የተወሰዱትን ኢንቲቲዎች ይጻፉ፤ በየመገናኛው ሥራው መዝገቡን ይፈጥራል፣ ያነባል፣ ያሻሽላል ወይም ይሰርዛል ብለው ይሙሉ። ከዚያ ሠንጠረዡን ወደ ታች ያንብቡ። ማንም የማይፈጥረው መዝገብ ካለ የተረሳ ሥራ አለ። ተፈጥሮ ማንም የማያነበው መዝገብ ካለ፣ ሠራተኞች ለማንም የማይጠቅም ቅጽ እየሞሉ ነው። አቅራቢን ግዥ ክፍልም ፋይናንስ ክፍልም የሚመዘግቡት ከሆነ፣ አንድ አቅራቢ በሁለት ስም የሚገኝበት ምክንያት እዚያው ይታያል። ከሁሉም የትንተና መሣሪያዎች በትንሽ ድካም ብዙ የሚያስገኘው ይህ ሠንጠረዥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሆኖም ሥዕል ስላልሆነ ብዙውን ጊዜ ይዘለላል።

ከነባሩ ወደ አዲሱ አሠራር

ነባሩ አሠራር ሲሣል ማሻሻያ አይቀላቀልበትም። ሣዩ በመሀል ያስተካከለው አንድ ደረጃ ነባሩን ከአዲሱ ጋር ለማነጻጸር አያስችልም፤ ሠራተኞቹም ሥዕሉን ሲያዩ የራሳቸውን ሥራ አያውቁትም። ሐሳቡ እንዳይጠፋ በጎን ማስታወሻ ይያዝ። አዲሱን ለመንደፍ ሲደረስ ሥራ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው ቦታዎች ላይ ያተኩሩ፤ ወረቀት በአብዛኛው የሚተኛው በርክክብ መካከል ነውና። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ይቅር፣ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃድ ወይስ ከሌላ ሥራ ጎን ለጎን ይሂድ ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ከነምክንያቱ ይጻፉ። ፊርማ ከመቀነስ በፊት ግን ያ ፊርማ ከየትኛው ከላይ የሚወርድ ቀስት እንደመጣ ማየት ግዴታ ነው፤ መመሪያ ያዘዘውን ቁጥጥር ሥዕል ብቻውን ሊሽረው አይችልም።

የተጠናቀቀው ንድፍ የሚፈተነው ሥራውን በሚሠሩት ሰዎች ፊት ነው። ቀደም ሲል የወጡትን ፋይሎች፣ በተለይ ያልተሳካውን፣ በአዲሱ ሥዕል ላይ ደረጃ በደረጃ ያሳልፉ፤ የማያልፍ ወረቀት ከተገኘ ንድፉ ወደ ፕሮግራመር ከመሄዱ በፊት ይታረማል። በመጨረሻም እያንዳንዱ ሥዕል የእትም ቁጥር፣ ቀንና በኃላፊነት የሚጠብቀው የሥራ ክፍል ይሰጠዋል፤ መመሪያዎችም በሁሉም ገጽ ላይ በአንድ ስም ይጠሩ። ይህ ከተደረገ፣ መመሪያው ሲሻሻል በዚያ ስም የወረዱትን ቀስቶች ፈልጎ የትኞቹ ተግባራት፣ በእነርሱም በኩል የትኞቹ የሂደት ደረጃዎችና መዝገቦች እንደሚነኩ መለየት ይቻላል።