ለምንማርበት የኬሚስትሪ ድረ ገጽ አስተያየት ስትሰጡ

«አሪፍ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ለሠሪዎቹ ምንም አይነግራቸውም። የቱ ምዕራፍ፣ ስንተኛው ጥያቄ፣ ምኑ እንደተሳሳተ ቁልጭ አድርጋችሁ ጻፉ። እኔ ባለፈው ደሴ ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ስሠራ «4.4 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንት ሞል ነው?» የሚል መጣ። ሞላር ማሱ (አንዱ ሞል የሚመዝነው) 44 ግራም ስለሆነ 4.4ን ለ44 ስናካፍል 0.1 ይሆናል፤ ድረ ገጹ ግን መልሱ 0.01 ነው ብሎ ኤክስ አደረገብኝ! ተናድጄ ልሳደብ ነበር፣ ማኪያቶዬም ቀዘቀዘ። ከዚያ ስሌቴን ደረጃ በደረጃ ጽፌ ስክሪንሾት አያይዤ ላክሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ስልካችሁ ምን ዓይነት እንደሆነም ጥቀሱ። ቪዲዮው ፓኬጅ ከጨረሰባችሁ ጥራቱን መቀነሻ ይኑረው በሉ፤ ኮምቦልቻ ያለው ጓደኛዬማ ኖቱን በፒዲኤፍ ማውረድ እፈልጋለሁ ብሎ ሦስቴ ጽፎላቸዋል።