የፎም ሳጥን ኢንኩቤተር አልሞቅ ሲል

ከፎም ሳጥን፣ ከአምፖልና ከቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) የላብ ኢንኩቤተር፣ ማለትም ባክቴሪያ በሙቀት የሚበቅልበት ሳጥን፣ ለሠራችሁ የሐዋሳ ልጆች ነው ይህ። ለአብዛኛው የባክቴሪያ ካልቸር (ላብ ውስጥ ለምናበቅለው ባክቴሪያ) የምንፈልገው 37 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ እንቢ ሲል ሰው ቶሎ ብሎ ትልቅ አምፖል ይገዛል። አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው አየሩ ላይ ነው።

ጭራሽ አይሞቅም?
አምፖሉን እዩት። ኤልኢዲ ከሆነ በቃ፣ ምክንያቱ እሱ ነው። ኤልኢዲ መብራት የሚቆጥበው ብዙ ሙቀት ስለማያወጣ ነው፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ያንኑ ሙቀት ነው። የድሮውን፣ ውስጡ ሽቦ የሚግልበትን 40 ዋት ፈልጉ። ቀን ደህና ሆኖ ሌሊት ብቻ የሚወርድ ከሆነ ግን ክዳኑ አየር ያስወጣል። ዙሪያውን በእጃችሁ ዳስሱና በፕላስተር ዝጉት።

ላይ ይሞቃል፣ ታች ይበርዳል
ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። ላይ ያለው አጋር (ባክቴሪያው የሚበቅልበት ጄል) ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ታች ያለው ላይ ምንም ሳይበቅል ታገኙታላችሁ፤ የቴርሞስታቱ ስክሪን ግን 37 ይላል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ደግሞ የሚያነበው ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ከተበላሸ ኮምፒውተር ትንሽ ፋን አውጥታችሁ ግጠሙ፤ 12 ቮልት ስለሆነ በራሱ አዳፕተር እንጂ ከ220 ጋር በቀጥታ እንዳታገናኙት። ሴንሰሩን ከአምፖሉ አርቃችሁ ዲሾቹ (አጋሩ ያለባቸው ሳህኖች) መሀል አንጠልጥሉት። አምፖሉ ላይ የተበሳሳ የወተት ጣሳ ድፉበት፣ ሙቀቱ በቀጥታ ዲሾቹን እንዳይመታ፣ ፎሙም እንዳይቀልጥ። ጣሳው የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳይነካ አደራ! አጋሩ አሁንም ከደረቀ ታች አንድ ሳህን ውሃ አስቀምጡ።

ስክሪኑና ቴርሞሜትሩ አይስማሙም
የፈላ ውሃ 100 ነው ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተፈጨ በረዶ በትንሽ ውሃ አድርጋችሁ ሴንሰሩን ክተቱት፤ እሱ 0 ነው። ከዚያ 37 አካባቢ ባለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከጥሩ ቴርሞሜትር ጋር አስተያዩት።

መብራት ሲሄድ ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል
ውሃ የሞሉ ሃይላንዶች ከመጀመሪያው ውስጥ ይግቡ። ሲጀምር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ሲጠፋም ቀስ ብሎ ይበርዳል።

ስሙ ኢንኩቤተር ስለሆነ ብቻ ጨቅላ ሕፃን እንዳታስገቡበት። የበረደውን ሕፃን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጋችሁ፣ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።